ቆሞ የጠጣ ሞተር

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ። ላውንደሪ ውስጥ ማድረቂያዎቹ ሲጮሁ ዋሉ፤ ልብሱ ግን አሁንም እርጥብ እርጥብ ይሸታል። አንድ ሰውዬ ነጭ ሱፍ ይዞ መጣ፣ ደረቱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈስሶበት። "ነገ ሠርጌ ነው" አለ። ሙሽራ እስክሪብቶ ምን ያደርግለታል? ለቀቀለት ግን። በሎሚና በትዕግሥት።

ቤት ስገባ እማማ ሬዲዮኑን ጣሪያ እስኪነቀል ከፍተውታል። የባሌ እናት ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ዜና አያመልጠውም።

ባሌ ገና አልመጣም። ማተሚያ ቤቱ ትርፍ ሰዓት ይዞት ይሆናል... ስልኩ አይነሳም። መብራት ጠፍቷል፣ በሻማ ነው የምጽፈው።

በሩ ተንኳኳ መሰለኝ። አይ። ንፋስ ነው።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

መጣ። ትናንት አምሽቶ፣ በእግሩ... በባዶ እግሩ። ጫማ የለ፣ ጃኬት የለ፣ መኪና የለ። በሩ ላይ ቆሞ ያንጠባጥባል።

"እንቁላሏስ?" አልኩት። ነጭና ክብ ስለሆነች መኪናችንን እንደዚያ ነው የምንላት።

"ድልድዩ ስር ቀረች።"

ከማተሚያ ቤቱ ሲመጣ በባቡር ድልድዩ ስር የሚያልፍ ዝቅ ያለ መንገድ አለ። ሲዘንብ ሁልጊዜ ውሃ ይተኛበታል። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ገባሁ። ሞተሩ እየሄደ ውሃ ገባበትና ጠፋ። በመስኮት ወጣሁ።" ደግሜ ጠየቅኩት። በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል መለሰልኝ። ተማሪ የሸመደደውን እንደሚያነበንብ።

ዋናው ነፍሱ ነው። ተመስገን።

መዳፎቹ ግን ተገሽልጠዋል። በመስኮት ሲወጣ ይሆን?

ልብሱን ከማጠቤ በፊት ኪሱን ፈተሽኩ፣ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ። ሳንቲም። የሟሟ ወረቀት። የመኪናው ቁልፍ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ውሃው ጎደለ። ሰዎች በጭነት መኪና ጎትተው ግቢ አስገቧት። አላወቅኳትም። ጭቃው እስከ መስኮቷ ድረስ መስመር ሠርቶባታል። በሩን ስከፍተው ውስጧ የቀረው ውሃ እግሬ ላይ ተደፋ። ሽታዋ... የጉድጓድ።

ጎረቤታችን ቀልጠፍ ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝና ሞከራት። "ቀጭ" አለች። ሌላ ምንም። "ሞተሩ ነክሷል፣ አይዞርም" አለና እንደ ሐኪም ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ለጋሼ ደወልኩ። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን መካኒክ። ጋራዥ ውስጥ "ካንዴላ" ነበር ቅጽል ስማቸው፣ እንደ ሞተሩ እሳት መጫሪያ፤ ቀጭን ናቸው፣ ደግሞ ቶሎ ይግላሉ።

"ማነው ቁልፍ ያዞረው? እጁ ይሰበር! ሁለተኛ እንዳይነካት! ነገ እመጣለሁ።"

ባሌ ለማየት እንኳ አልወጣም። መጋረጃውን ዘግቶ ዋለ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ጋሼ መጡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ብርጭቆ የሚይዙት በሁለት እጅ ነው። "እኔ አፍ፣ አንቺ እጅ" አሉኝ።

የእማማን የመድኃኒት ሲሪንጅ አስመጡኝ፣ ያለ መርፌው። "አየር ሳቢበት። ጫፉን በጣትሽ ድፈኚ። በይ ግፊው።"

ገፋሁት። እሺ ብሎ ተጨመቀ። ስለቅቀው ተመልሶ መጣ።

"አሁን ውሃ ሙዪበት። ድፈኚ። ግፊ።"

ድንጋይ! ጣቴ እስኪቀላ ገፋሁ። ንቅንቅ የለም።

"ይኸው በሽታዋ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጨምቀው አየር ነው፤ አየር ሆደ ሰፊ ነው፣ ይችላል። ውሃ ግን እምቢ ባይ ነው። ሞተሩ እየሮጠ ውሃ ከጎረሰ፣ ወይ ውሃው ወይ ብረቱ መሸነፍ አለበት። የሚሸነፈው ብረቱ ነው። ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ፣ ቢየላው፣ እንደ ማንኪያ ይታጠፋል።"

እሱ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። ሲሪንጁን ያያል።

"አትነካኳት" አለ። "ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጥ።"

"ምነው ልጄ? ሳትታከም ወደ ቀብር?" አሉ ጋሼ።

ወደ ቤት ገባ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ወተቱ ተበላሽቷል። ፍሪጁ ተነቅሏል። እማማን ብጠይቅ አያውቁም። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። ሳወርደው ባትሪ የለውም። መታጠቢያ ቤት የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ላይ ጨርቅ ታስሯል፣ ውሃው በጨርቁ ላይ ያለ ድምፅ እየወረደ...

ጠብታው እንዳይሰማ ነው? ለምን?

ዘወር ስል እሱ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል። ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ።

"ምን ሆነሃል?"

"እሽሽ..."

እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ይህ ቤት እንደዚህ ጸጥ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጸጥታ እንደዚህ ያስፈራል ለካ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ጋሼ ተቆጡ። "ውሃ ሆዷ ውስጥ እያደረ ነው! ያደረ ውሃ ዝገት ነው። ሰው ሰምጦ ይወጣና ይረሳል፣ ብረት አይረሳም።"

ባሌን ሳላስፈቅድ ጀመርኩ። ምን ያደርገኛል? ያኮርፈኛል። ካኮረፈማ ሰነበተ።

ባትሪዋን ፈታሁ። የአየር ማጣሪያዋ ጭቃ የጠጣ ስፖንጅ ሆኗል። ከዚያ አራቱ ካንዴላዎች። ጋሼ በርጩማ ላይ ሆነው "ቀስ! ጥርስ ነው የምትነቅዪው!" ይሉኛል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ውሃው መውጫ ቀዳዳ አገኘ ማለት ነው። ከታች ያለውን ትልቁን ብሎን በረጅም መፍቻ ይዤ ሞተሩን በእጄ አዞርኩት።

መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ... ተነፈሰች። ሌላ ቃል የለኝም። በቀዳዳው ውሃ ፏ ብሎ ፊቴ ላይ መጣ፣ ከኋላው ደግሞ ረጅም የጉሮሮ ድምፅ። ሰው ከውሃ ብቅ ብሎ የመጀመሪያዋን አየር ሲስብ የሚያወጣው ዓይነት። ከአራቱ ቀዳዳዎች ብዙ ውሃ የጠጡት ሁለቱ ናቸው።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ውሃ ብቻ ነው የወጣው?"

"ሌላ ምን ሊወጣ?"

ውሃው የፈሰሰበት ድረስ መጥቶ ቁጢጥ አለና መሬቱን ማየት ያዘ። ቆየ... ቆየ። ጋሼ እኔን አዩኝ፣ እኔ ጋሼን።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የማተሚያ ቤቱ አለቃ ላውንደሪ መጣ። ሸሚዝ ሊያሳጥብ መስሎኝ ነበር።

"ባለቤትሽ ደህና ነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማሽን እያስቆመ ነው አለ። ወረቀቱ እየሮጠ፣ ሥራው እየተጣደፈ፣ ማብሪያውን ያጠፋና ቆሞ ያዳምጣል። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እሱን ያያል። "ምን ሆንክ ስንለው 'አልሰማችሁም?' ይለናል። እረፍት ውሰድ ብዬዋለሁ። ተመልሶ እንዲሁ ከሆነ ግን... እኔም ከላይ አለቆች አሉብኝ።"

"ከውሃው ወዲህ ነው" አልኩ።

ምንድን ነው የሚሰማው?

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ዘይቷን አወረድን። ዘይት አይመስልም፣ ወተት የበዛበት ሻይ ነው የሚመስለው። ውሃ ሲገባበት እንደዚያ ይሆናል አሉ ጋሼ። አዲስ ሞላን፣ በእጅ አዞርን፣ አወረድን። አሁንም ነጣ ያለ። እንደገና።

ከዚያ ምርመራው። ቀጭን መቃ ቆረጥኩ፤ ብረት ይቧጭራል ብለው ጋሼ ከለከሉኝ። በየካንዴላው ቀዳዳ እየከተትኩ፣ ፒስተኑ ጥግ ድረስ ሲወጣ መቃው የት እንደሚደርስ ምልክት አደርጋለሁ። ቢየላው የታጠፈ ካለ ፒስተኑ እንደ ሌሎቹ አይወጣም፣ ያጥራል።

ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ዋሉ። በመሃላቸው ጸጉር አይገባም።

በደስታ ዘለልኩ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

"ባልሽ ምን ነበር ያለሽ?"

"ሞተሩ እየሄደ ውሃ ገባበትና ጠፋ።"

መቃውን ተቀብለው አገላበጡት። "ቀስ ብላ እየሄደች ከሆነ ልትተርፍ ትችላለች፣ አልዋሽሽም። ግን ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታ አንድም ሳይታጠፍባት? ይህቺ ቆማ ነው የጠጣችው፣ ልጄ። ጠፍታ ቆማ፣ ውሃው በአየር መሳቢያዋ ቀስ እያለ ሲንቆረቆርባት። ኋላ በቁልፍ ሊያስነሷት ሲሉ ዝም አለች እንጂ ያኔ አልተጎዳችም።"

"ውሃ መሃል ማን ያጠፋታል?"

"እሱን እኔን አትጠይቂኝ።"

ቁልፉ። ኪሱ ውስጥ ያገኘሁት ቁልፍ። ነፍሴ አውጪኝ ብሎ በመስኮት የሚዘል ሰው ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ይከታል?

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ቁልፉን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አየው። አየኝ። በልቶ ተነሣ። እኔም ሳህኑን አነሣሁ።

ሆን ብሎ ይሆን...? አይ። ይህን አልጽፈውም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

እማማ ጓዳ ጠሩኝና አንሾካሾኩ። የእሳቸው ሹክሹክታ ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

"ልጄ፣ ባልሽ አጠገቤ እየመጣ 'ትሰሚያለሽ ወይ?' ይለኛል።"

"ምን አሉት?"

"ሰማሁ አልኩት።"

"ምን ሰሙ?"

"ኧረ ምኑን እሰማለሁ! እሱ ያለውንም ያወቅኩት አፉን አይቼ ነው። ፊቱ አንጀቴን በላው እንጂ። ሰማሁ ስለው ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "'ምን ብላ ነው የምትጣራው?' አለኝ" አሉ።

የምትጣራው። ሴት ናት ማለት ነው።

በሩ ሁሉ መዘጋቱን ዞሬ አየሁ። ምን ፈርቼ እንደዞርኩ አላውቅም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ካንዴላዎቹን አድርቄ፣ አዲስ ማጣሪያ አስገብቼ፣ ባትሪዋን አሰርኩ። ጋሼ "በይ እንግዲህ" አሉ። ቁልፉን አዞርኩ። አስነጠሰች። ደገምኩ። ሳለች፣ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ከዚያ... ያዘች! ሄደች! ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። "ኳኳታ የላትም። ጤነኛ ናት።"

ይህን ሳይጨርሱ እሱ እየሮጠ ወጣ።

"አጥፏት! አጥፏት!"

በመስኮት እጁን አሾልኮ ቁልፉን ጠመዘዘ። ጸጥ። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሰማይ ሰማይ ያያል። ምንም የለም። የጭስ ሽታ ብቻ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ከመኪናዋ ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሊሄዱ ሲነሡ "ይቀመጡ" አላቸው። ነገረን።

የነገረንን ልክ እንዳለው ልጽፈው፦

"ስገባ ውሃው ጎማዋን ያህል ነበር። ማለፍ እችል ነበር። መሃል ስደርስ ሴት ስትጮህ ሰማሁ። 'አውጣኝ! አውጣኝ!' ትላለች። ዝናቡ፣ ሞተሩ... ከየት እንደሆነ አይለይም። በደንብ እንድሰማት ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ልወርድ። ጨለማ ነው፣ መብራት የለም። 'አውጣኝ!' አለች አሁንም። ውሃው በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። ደነገጥኩ። ቁልፉን መልሼ ሞከርኩ። ቀጭ። እንደገና ነቀልኩት። እጄ መሪው ላይ ነበር። አልወረድኩም። እዚያው ተቀምጬ... እሷ ዝም አለች።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያ የሰፈራችን መግቢያ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ነበር። መሃሉ የለም። ጥያት መጣሁ። ሰምቻት፣ ተቀምጬ፣ ጥያት መጣሁ።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ካንዴላ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ ጠየቅኩ። በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ጠፋ የተባለ ሰው የለም፣ የተገኘ አስከሬንም የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባሰብኝ። ሰው ካልጠፋ፣ ታዲያ ማን ነበረች?

ከሰዓት ላውንደሪ ውስጥ ራሴን ማድረቂያው ፊት አገኘሁት፣ እጄ ማጥፊያው ላይ። ከጩኸቱ ስር አንድ ነገር የሰማሁ መስሎኝ... ቀጭን፣ ሩቅ። እጄን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰብኩ። ባልደረባዬ "ምነው?" አለችኝ። "ምንም።"

ይጋባል እንዴ?

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ሄድኩ። ብቻዬን፣ በቀትር፣ ፀሐይ እያለ።

ድልድዩ ስር ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በግራ በኩል ረጅም የድንጋይ ግድግዳ አለ፣ መንገዱ ይበልጥ የሚዘቅጠው ወደዚያ ነው። ውሃው የደረሰበት መስመር ከራሴ በላይ ነበር። ከግድግዳው አናት ላይ ደግሞ ቤቶች፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ የተዘጋ መጋረጃ። መስመሩን በእጄ ነካሁት። የባሌ የመዳፉ ቁስል ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

መጋረጃው ተነቃነቀ። አንዲት ሴት አየችኝ። ጠፋች። ጥቂት ቆይታ በጎን ባለው ደረጃ እየተንደረደረች ወረደች። እጇ ላይ የጸጉር ቀለም አለ፣ የጸጉር ሥራ ሽርጥ አድርጋለች። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች፣ አልቀረበችኝም።

"የሱ ምኑ ነሽ?" አለችኝ።

"የማን?"

"የሟቹ።"

ግድግዳውን ያዝኩ።

"ነጭ መኪና" አለች። "ሚስቱ ነሽ? እህቱ? ነፍስ ይማር እህቴ... እኔ ነኝ፣ በኔ ምክንያት ነው... ለማንም አልተናገርኩም..." ማልቀስ ጀመረች፣ ቀለም በነካው እጇ ፊቷን ስትይዝ ጉንጯ ጠቆረ።

"አልሞተም" አልኳት።

ቀና አለች።

"ባሌ ነው። አልሞተም። ቤት ነው ያለው።"

እንደ እብድ አየችኝ። ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የነገረችኝ ይህ ነው። መስኮቷ ላይ ነበረች። መብራት ጠፍቷል። ነጭ መኪና ወደ ውሃው ሲገባ አየች። ከወዲያ በኩል ቦዩ ሞልቶ ሊገነፍል መሆኑን ከላይ ሆና ታያለች፣ እሱ አያይም። ጮኸች። "'ውጣ! ውጣልኝ! በናትህ ውጣልኝ!' እያልኩ። ሞተሩ ጠፋ። እሰይ ሰማኝ አልኩ።"

ውጣልኝ።

አውጣኝ።

ቃሉን በአፌ ደጋገምኩት፣ ውጣልኝ፣ ውጣልኝ፣ በዝናብ፣ በሞተር ድምፅ፣ በተዘጋ መስኮት... ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ወጣኝ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ቆየ። አልወጣ አለ። ውሃው ከላይ ከላይ መጣ። የመኪናው መብራት ውሃው ውስጥ ያበራል፣ አረንጓዴ ሆኖ። ከዚያ በመስኮት ወጣ። እሰይ! ግን እንደ ሰው ወደ መውጫው አልሄደም። ወደኔ ነው የመጣው። ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጥልቁ። 'መጣሁ! የት ነሽ? አይዞሽ መጣሁ!' እያለ። 'አትምጣ! ተመለስ!' ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ድንጋዩን በእጁ እየዳበሰ ይፈልጋል። ከዚያ የመኪናው መብራት ጠፋ። እሱም ጠፋ። ውሃው ጎድሎ ሲጎትቷት ባዶ ነበረች። እኔ ባልጮህ ኖሮ አያቆምም ነበር፣ አልፎ ይሄድ ነበር እያልኩ... መጋረጃውን ከዚያ ቀን ወዲህ አልከፈትኩትም።"

እጇን ይዤ ቆየሁ። የኔም እጅ ጠቆረ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ነገርኩት። ጋሼና እማማ ባሉበት፤ ለእማማ እየጮህኩ።

"ውጣልኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን ቃላት እያፈራረቀ እንደሚቀምስ ሰው።

"መጣሁ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን አቆመኝ። "እኔ አልተናገርኩም። እኔ ተቀምጬ ነበር።"

"ወርደሃል። ውሃው ደረትህ ድረስ ነበር። ግድግዳውን በእጅህ እየዳበስክ ስትፈልጋት ነበር።"

መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ለረጅም ጊዜ አያቸው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደተሰጠው።

"ያ ሰውዬ እኔ ነኝ?" አለ።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አሉ ጋሼ። "ሰፈሩ ሰምቶት፣ አንተ ብቻ ቀረህ።"

እማማ "ምን አለ? ምን አለ?" ይላሉ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ባሌ ራሱ ነዳ። መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ድልድዩ ስር ስንደርስ ቀዝቀዝ አለ፣ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ። እጁ ተመለሰ። ሞተሯ እንደሄደች አለፍን።

ጸጉር ሠሪዋ ደረጃው ላይ ጠበቀችን። ሰላም አላለችውም። ቀስ ብላ መጥታ ክንዱን በሁለት ጣት ነካችው፣ ብረት ምጣድ ይተኩስ አይተኩስ እንደሚሞክር ሰው።

"ትሞቃለህ" አለች።

"ድምፅሽ እንደዚህ አልመሰለኝም ነበር" አላት እሱ።

መጋረጃው ተከፍቷል፣ ከመስኮቷ መንገዱን አሳየችን። ከዚህ ከፍታ ሁሉም ነገር ይታያል፣ ቦዩ፣ መዝቀጫው፣ ግድግዳው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ወዴት እንደሄደ፣ እንዴት እንደወጣ ግን እሷም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። ጠየቅናት፣ ጠየቀችን። ያ መሃል የማንም አይደለም። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ምናልባት ባላውቀው ይሻላል" አለኝ። ምናልባት።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ማተሚያ ቤት ከተመለሰ ሰነበተ። ማሽን አላስቆመም። ቤታችን ውስጥ ፍሪጁ ይንጎራጎራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ቧንቧው ጠብ ይላል። ቧንቧውንስ ማሠራት ነበረብን።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ያ ዓይነት ዝናብ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልመጣ። ጸጉር ሠሪዋ ደወለችልኝ፦ "ባልሽ እዚህ ነው። አትደንግጪ። መስኮቴ ላይ ሆኜ እያየሁት ነው።"

ከሥራ ቀጥታ ወደዚያ ሄዶ ኖሯል። እንቁላሏን ከመዝቀጫው በላይ መንገዱ ላይ አጋድሞ አቁሟታል፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ። ሞተሯ በርቶ። ራሱ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳል። እሷ ቦዩን ከላይ እያየች ትነግረዋለች፣ እሱ ሹፌሮቹን ያስቆማል። "ተመለሱ! ውሃ አለ! ተመለሱ!"

ምሽት ላይ መጣ። ጫማውን አድርጎ። ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "እንዴት ነበር?" አልኩት። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ድምፁ ጭልጥ ብሎ ጠፍቷል። ጉሮሮውን እያመለከተ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁም ድምፅ የለው። እማማ "አሁንስ ጭራሽ አልሰማም ማለት ነው!" ብለው ደነገጡ። እስክንነግራቸው ድረስ ጆሯቸውን ሲጎትቱ ነበር።

ትኩስ ነገር አፈላሁለት። ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጌ "ሰደቡህ?" አልኩት። እንዴታ፣ አለኝ ራሱን እየነቀነቀ። መንገድ ዘግቶ የቆመ ሰው ማን ይመርቀዋል?

"ስንቱ ሰደበህ?"

ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። አንዱን እጅ ጨረሰ። ሌላኛውን ጨረሰ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጎ በእኔ ጣቶች ቀጠለ።